«ምነው ጠፉ?»

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ጎረቤት ቡና ላይ የተወረወረች አንዲት ቃል እስካሁን ትከነክነኛለች። ሁለት ወር ያህል ከቡናው ርቀው የቆዩ፣ ዕድሜያቸው ሰባ አምስትን የተሻገረ እናት መጥተው ገና ከመቀመጣቸው አንድ ጎልማሳ ከውጭ ገባ። ዝናብና ብርድ ነበር፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። በሩ ላይ እንደቆመ «ምነው እትዬ፣ ጠፉ?» አላቸው። ፊታቸው ቅጭም አለ። «እኔ በማን ላይ ከፋሁ፣ ልጄ?»

ቤቱ ሳቀ። አንዷ «ጠፉ ነው'ኮ ያለዎት!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ይብሱን አሳቀቃቸው፤ ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ዝም አሉ። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፤ በረካው ሳይደርስ «ቤቱን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት» ብለው ተነሡ። የዚያ ቡና መራቂ እሳቸው ነበሩ። ከግቢው እንደወጡ ከረከቦቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይ፣ ጃጅተዋል እኮ» አለች። ማንም አልተቃወማትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ተረቱ ስለ ሐሜት ነበር፤ እዚያ ቤት ግን ሌላ ፍቺ ያገኘ መሰለኝ። ሴትዮዋን ያስጃጃቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ጭንቅላታቸው ከመሄድ በፊት ክፍሉን ማየት ይበቃ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥግ ላይ ቡናው ገና ይወቀጣል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። ጠያቂው አፉን ሸፍኗል፤ ብርሃኑ ከጀርባው ስለሆነ ፊቱ ጥላ ነው። በዚህ ሁሉ መሀል አንዲት ፊደል ወደቀች፤ «ጠ» ሄዳ «ከ» መጣች።

ድምፅ ሌላ፣ ቃል ሌላ

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ድክመት ድምፅን ሁሉ እኩል አይቀንስም። የውስጡ ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያሻግሩ ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሶች ተደርድረዋል። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት መግቢያው አካባቢ ያሉት ናቸው፤ በእርጅና ቀድመው የሚሞቱትም እነሱ ናቸው። የሞተ ፀጉራም ሕዋስ ደግሞ በሰው ጆሮ ውስጥ ተመልሶ አይበቅልም። ወፍራሙ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አዛውንቷ የመኪናውን ሞተር፣ የበሩን መዘጋት፣ የሰውየውን ጉርምርምታ ይሰማሉ፤ ልጆቻቸውም «ሲፈልጉማ ይሰማሉ» ይላሉ። ይህች አባባል ስንቱን ቤት እንዳጣላች!

በንግግር ውስጥ ወፍራሙና ጉልበተኛው ክፍል አናባቢው ነው። እንደ ሰ፣ ፍ፣ ት፣ ክ፣ ጠ ያሉት ተነባቢዎች ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው፤ የሚለዩበት ምልክት በአብዛኛው ከ2000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) በላይ ነው። አማርኛ ላይ ጉዳቱ ይበረታል ባይ ነኝ። የግሳችን ትርጉም የተሸከመው በተነባቢው ነውና። ጠፋ፣ ከፋ፣ ሰፋ፣ ተፋ፣ ደፋ፣ ገፋ፣ ለፋ፦ ሰባት ግስ፣ ልዩነታቸው የመጀመሪያዋ ተነባቢ ብቻ። እሷን የነጠቁት ጆሮ «…ፋ» ብቻ ይቀርለታል፤ የቀረውን አንጎል ከሁኔታው ይገምታል። ሁለት ወር ቀርቶ የመጣ፣ ልቡ የተሳቀቀ ሰው ምን ብሎ ይገምታል? «ከፉ» ተባልኩ ብሎ።

መጮህ የማይረዳውም ለዚሁ ነው። ስንጮህ የሚጎላው አናባቢው ነው፤ «ጠ» ብቻዋን አትጮህም። በዚያ ላይ የተጎዳ ጆሮ ዝቅተኛውን ድምፅ እያጣ ከፍተኛውን ግን እንደ ጤነኛው፣ አንዳንዴም በሕመም ይሰማዋል። «ምን አልሽ?» ያሉት እናት በሁለተኛው ሙከራ «ምን ያስጮህሻል፣ ደንቁሬያለሁ እንዴ?» ይላሉ። ጠባያቸው አልከፋም፤ በማይሰማውና በሚያመው መካከል ያለው ቦታ ጠብቦ ነው። ከጩኸት ይልቅ መቅረብ ይሻላል። ርቀትን በግማሽ መቀነስ ድምፁን በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይጨምራል፤ ከሁለት ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር የቀረበ ሰው ሳይጮህ 12 ዴሲቤል ሰጠ ማለት ነው። አፍ ሲገለጥና ብርሃን ፊት ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጆሮ ያጣችውን ዓይን በከንፈር ትለቅማለች።

ስልክ የተለየ ጣጣ አለው። መደበኛው የስልክ ድምፅ በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ የእነዚያን ቀጫጭን ተነባቢዎች መለያ ገና ከመነሻው በከፊል ይቆርጠዋል። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለችው ልጅ በሳምንት አንዴ ደውላ «እማዬ ዘንድሮ የምላቸውን ትተው ሌላ ይመልሳሉ» ብላ የምትጨነቅ ከሆነ፣ በኢሞ ቪዲዮ ትደውል፤ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣ ስልኩን አገጯ ሥር ሳይሆን ፊት ለፊት ይዛ። ያኔም የማይያያዝ መልስ ከመጣ ሌላ ነገር መጠርጠር ይቻላል።

ጆሮ ከማስታወስ ጋር ምን አገናኘው?

እ.ኤ.አ. በ2011 የጆንስ ሆፕኪንሱ ፍራንክ ሊንና ባልደረቦቹ 639 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አወጡ። ደህና ከሚሰሙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ቀላል የመስማት ድክመት የነበረባቸው በእጥፍ፣ መካከለኛ የነበረባቸው በሦስት እጥፍ፣ ከባድ የነበረባቸው በአምስት እጥፍ ገደማ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ዘገባ ደግሞ 14 ሊቀነሱ የሚችሉ አጋላጭ ምክንያቶችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። ከዚያ ውስጥ የመስማት ድክመት 7፣ ከሰው መነጠል 5፣ ያልታከመ የዓይን ድክመት 2 በመቶ ተሰጥቷቸዋል።

መንገዱ አንድ አይደለም። አንጎል «…ፋ»ን ለመፍታት ሲለፋ ለማስታወስ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። ድምፅ የማይደርሰው የአንጎል ክፍልም ከሥራ ፈትነት ይሟሽሻል። ሦስተኛው ያ የቡና ቤት ነው፦ የተሳቀበት ሰው ይቀራል፣ የቀረ ሰው አያወራም፣ የማያወራ ሰው አእምሮውን የሚያሠራበት አጋጣሚ ያጣል። የደም ሥር ችግርም ጆሮንና አንጎልን በአንድ ላይ ሊጎዳ ስለሚችል ዝምድናው ሁሉ የመንስኤና የውጤት ላይሆን ይችላል።

የመስሚያ መሣሪያስ ያድናል? በ2023 የወጣው «አቺቭ» የተባለው የአሜሪካ ሙከራ ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆኑ 977 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሏል። በጠቅላላው ሲታይ መሣሪያ ባገኙትና ባላገኙት መካከል ልዩነት አልታየም። ቀድሞውንም ለአእምሮ መድከም ይበልጥ የተጋለጡት ለብቻ ሲታዩ ግን የማሰብ ችሎታቸው የሚያሽቆለቁልበት ፍጥነት በ48 በመቶ ቀንሷል። ስለዚህ መሣሪያ ሻጭ «መርሳትን ይከላከላል» ቢል ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላው ግማሽ ነው፦ መርሳቱ ቢቀር ባይቀር ሰውየው ቡናው ላይ ይቆያል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ በጤና ተቋም የሚሆነው ነው። ባለሙያው «ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፣ በኋላ ይደግሙልኛል» ይላል። ያልተሰማ ቃል እንዴት ይደገማል? ነጥቡ ይወርዳል፣ ካርዱ ላይ «የመርሳት በሽታ» ይጻፍና ያ ጽሑፍ ቤት ድረስ ይከተላል። መፍትሔው የባለሙያው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፦ ማዳመጫውን የታካሚው ጆሮ ላይ ሰክቶ፣ ደረት ላይ የሚያርፈውን ክብ ክፍል ወደ ራሱ አፍ አቅርቦ በዝግታና በለሆሳስ መናገር። እዚያ ላይ መጮህ ክልክል ነው፤ ጆሮ ይጎዳል። «አይሰሙም» የተባለ ሰው በዚህ ዘዴ ድንገት ቀና ብሎ ሲመልስ ያየ፣ ሁለተኛ ጆሮን ሳይፈትሽ ስለ ጭንቅላት አይፈርድም።

ኩክና ክብሪት

ጠፉ የተባሉት እናት በኋላ በልጃቸው ጉትጎታ ታዩ። ቀኝ ጆሯቸው በደረቀ ኩክ ተደፍኖ ነበር። ከዕድሜ ጋር ኩክ ስለሚደርቅ በራሱ መውጣቱን ያቆማል፤ ሰው ደግሞ በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ ጫፍ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ያግዘዋል። የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የቀረው ወደ ታምቡሩ ተገፍቶ ይጠቀጠቃል። ኮተንም ቢሆን ያው ነው።

የሚሠራው ቀላል ነው። ንጹሕ የወይራ ወይም የምግብ ዘይት በእጅ ለብ አድርጎ፣ በጎን አስተኝቶ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ማኖርና አምስት ደቂቃ ማቆየት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። በመሀሉ ኩኩ ሲያብጥ መስማት ለጊዜው ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ያቆማል። ከዚያ በጤና ተቋም ይታጠባል። ውሃው የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ የቀዘቀዘ ወይም የሞቀ ውሃ የሚዛን አካሉን ስለሚነካ ቤቱን ያዞራል። መግል የሚያወጣ፣ የሚያም ወይም ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ግን ዘይትም፣ ቅቤም፣ የጤና አዳም ጭማቂም አይግባ።

ቤት ውስጥ መፈተሽም ይቻላል። ከሰውየው ኋላ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ መቆም፤ የማይፈተሸውን ጆሮ ቀዳዳ ላይ ያለችውን ክዳን በጣት ጫን አድርጎ እያሹ መድፈን፤ ትንፋሽን አውጥቶ ጨርሶ «ሰባት፣ ለ፣ ሁለት» ብሎ ማንሾካሾክ። ሦስቱንም በትክክል ከደገሙ ያልፋሉ። ካልሆነ ሌላ ሦስት መጨመር፤ ከስድስቱ ሦስት እንኳ ካልተገኘ ምርመራ ያስፈልጋል። ከኋላ መሆኑ ግዴታ ነው፤ ከፊት ከሆነ ከንፈር ያነባሉ።

በአንድ ጊዜ ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት መስማት የተሳነው ጆሮ ግን የዘይት ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምናው በቀናት ውስጥ ካልተጀመረ ዕድሉ ይጠባል። ጀንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን የመሰሉ መርፌዎችም የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ድሮ ለሳንባ ነቀርሳ መርፌ የተወጋ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ይንገር።

የመስሚያ መሣሪያ ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ዓመታት ዝም ያለ አንጎል የነጠላ ኮሽታና የሰሐን ኳኳታ በአንዴ ሲጎርፍበት ይታወካል። በመጀመሪያው ሳምንት ጸጥ ባለ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ገበያና ለቅሶ ቤት ኋላ ይደርሳሉ። ዚንክ ኤር ባትሪው (ብርቱካናማ ልጣፍ ያለው 13 ቁጥር፣ ሰማያዊው 675) የሚሠራው በአየር ነው፤ ልጣፉ ከተነሣ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቆ መክተት ዕድሜውን ይጨምራል። አንዴ የተላጠ ባትሪ መልሶ ቢለጠፍም ማለቁን አያቆምም። መሣሪያው ካፏጨ ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍሉ ልክ አልሆነም ወይም ጆሮው ኩክ አለበት። ጭራሹን ዝም ካለ ድምፁን ወደ ጆሮ የሚያደርሰውን ቱቦ ወደ ብርሃን ይዞ ማየት ነው፤ በደሴ ብርድ በትንሿ ቱቦ ውስጥ የውሃ ጠብታ ተቋጥሮ ድምፁን ይዘጋዋል።

ዓይንና የማይሰሙ እንግዶች

ጆሮ ሲደክም ዓይን ትተካለች ብለናል፤ ሁለቱም አብረው ከሄዱስ? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ከትራኮማ ጠባሳ ነበር። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከአእምሮ ጤና ጋር ያለውን ዝምድና የተመለከተ፣ በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ሞራቸው የተነሣላቸው ሰዎች የመርሳት በሽታ ሥጋታቸው ካልተነሣላቸው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ክትትል እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ሞራ ማስነሣት ብቻውን አዳነ አያሰኝም።

ወሎ ውስጥ ለዓይን ሲባል የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስም ቀድሞ ይነሣል። ከሕክምናው ይልቅ የሚያዘገየው «ሞራው ይብሰል» የሚለው ምክር ነው። የበሰለ ሞራ ለማውጣት ይጠነክራል፤ አብጦ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግም ይችላል። እንዳይሠሩ፣ ሰው እንዳይለዩ ካደረገ ጊዜው ደርሷል። ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ጠብታው ግን ለሳምንታት ይቀጥላል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ፣ ጭስና ሸክም ይራቁ። ከታከመ በኋላ ዓይን ቢያም፣ ቢቀላ ወይም እይታ ቢቀንስ በዚያው ቀን መመለስ ነው። ሌላ የሚያሳዝን ስሕተት አለ፦ የተተከለው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ የሩቁን ያጠራል፤ ምስር ለመልቀም፣ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት የቅርብ መነጽር ያስፈልጋል። ያልተነገራቸው እናቶች «አልሠራልኝም» ብለው ሁለተኛውን ዓይን ሳያሳዩ ይቀራሉ።

እይታቸው በጣም ከደከመ አዛውንት አንዳንዶቹ ደግሞ የሌለ ነገር ያያሉ፦ ግቢው ውስጥ የሚሮጡ ሕፃናት፣ ግድግዳው ላይ አበባ፣ ባለ ጥምጥም ሰዎች። ድምፅ የላቸውም፤ አይናገሩም፣ ብቻ ያልፋሉ። ቤተሰብ አንዱ ጂን ነው ይላል፣ ሌላው ሰይጣን፣ ሦስተኛው ጃጁ። የስዊዘርላንዱ ሻርል ቦኔ ይህንኑ በሞራ በታወሩት አያቱ ላይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1760 ጽፎታል፤ ሁኔታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ምስል የተቋረጠበት አንጎል የራሱን ምስል ይሠራል፤ ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ብዙዎቹ ግን አበደች እንዳይባሉ አይናገሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ሳይስቅ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መቃዠት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ሽታንም ላንሣ። ቡና ተቆልቶ ሲዞር ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው መሳብ የተዉ ሰው ካሉ ልብ ማለት ነው። ምክንያቱ ጉንፋን ሊሆን ይችላል፣ እርጅና ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴም የአልዛይመር ወይም የፓርኪንሰን ቀደምት ምልክት ነው። ለጊዜው የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ወጡ ሲያር አያውቁም፣ ጣዕም ሲጠፋ ጨው ይጨምራሉ። የከሰል መርዝ ጋዝማ ለጤነኛ አፍንጫም ሽታ የለውም፤ በደሴ ብርድ በር ዘግቶ ከሰል መሞቅ ለማንም አይሆንም።

የቀረ ሰው

ቅሬ (የወሎ እድር) ላይ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ለፋፊው ሌሊት መጥቶ ሲጣራ ሁሉም ሰምቶ ይወጣል፤ ያልሰማው ለቅሶ ቀረ ይባላል፣ ይቀጣል። ቅጣቱ ጥቂት ብር ነው፤ ስሙ ግን ይከብዳል። የተቀጡት እናት በቀጣዩ ወር አንገታቸውን ደፍተው ከጥግ ይቀመጣሉ፤ ከጥግ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም። ለፋፊው የእንደዚህ ያሉ ሰዎችን በር አንኳኩቶ ፊት ለፊት ቢነግራቸው ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። የልማድ ማኅበሮቻችንን ስናወድስ ለደካማ ጆሮ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆኑ አንናገርም።

ቡናው ቤት ውስጥ የተለወጠውም ይኸው ያህል ትንሽ ነገር ነው። ቡናው እንግዳ ሳይሰበሰብ ተወቅጦ ያልቃል። ሴራሚኩ ላይ ሰሌን፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም መጋረጃ ተደረገ፤ ማስተጋባቱ ቀነሰ። የድሮው ጭቃ ቤት ድምፅ ስለሚውጥ ለወሬ ይሻል ነበር ብል አልተሳሳትኩም። እናትየው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው፣ የጸዳውን ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ሰዉ አዙረው፣ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ብርሃኑ የሚያርፈው በሚያወሩት ሰዎች ፊት ላይ ነው። ግራ ጆሯቸው አልተመለሰም፤ የግራ ዓይናቸውም ለሞራ ተራ እየጠበቀ ነው። አንዳንድ ቃል ዛሬም ያመልጣቸዋል። ሲያመልጣቸው የሚያስረዳቸው ያንኑ ቃል አይደግምም፣ ይቀይረዋል፦ «ምነው ጠፉ» ካልተሰማ «ብዙ ቀን አላየንዎትም» ይላል። «በቃ ተዉት፣ ምንም አይደል» የምትለዋ መልስ ግን ከቤቱ ወጥታለች።

ያ ጎልማሳ ባለፈው ቅዳሜ ገብቶ ጋቢውን ከአገጩ በታች አወረደና ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ሰላም አላቸው። እሳቸው ሙቀጫው ወደነበረበት ጥግ አየት አድርገው፣ «ዘነዘናው ዛሬ ምነው ጠፋ?» አሉት።